የወጣቶችን ሕይወት የሚያድን ጥናት በራሳችን በጀት ይካሄድ

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 727 ሺህ ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጥፍተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድም ይኸው ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ከሟቾቹ 73 በመቶ የሚሆኑት የኖሩት ኢትዮጵያን በመሰሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነበር። በእኛ ዘንድ አንድ ወጣት ራሱን አጠፋ ሲባል፣ ወይም ተማሪዎች በግቢ ውስጥ ተጋጭተው ሕይወት ሲጠፋ፣ መጀመሪያ የሚታሰበው ስብሰባ መጥራትና የምክር መርሐ ግብር ማዘጋጀት ነው። ይህ ከቅን ልብ እንደሚመነጭ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የትኛው እርምጃ በእርግጥ ሕይወት እንደሚያድን የሚመረምር ጥናት በመንግሥት በጀት ውስጥ ቋሚ ድርሻ እስካላገኘ ድረስ፣ ገንዘባችንም ድካማችንም በግምት ላይ ይፈስሳል።

ግምት ምን ያህል እንደሚያሳስት በአሜሪካ ታይቷል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ወንጀል ያዘነበሉ ታዳጊዎችን እስር ቤት ወስዶ በከባድ ፍርደኞች ማስፈራራት በብዙ ግዛቶች ተስፋፍቶ ነበር። ለወላጅም ለፖሊስም ትክክል የሚመስል ሐሳብ ነበር። ተመራማሪዎች ታዳጊዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ሲያነጻጽሩ ግን፣ እስር ቤቱን የጎበኙት ካልጎበኙት ይልቅ ተመልሰው ወንጀል የመፈጸም ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ልጆቹን ለማዳን የወጣው ገንዘብ ጎዳቸው ማለት ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ10 አገሮችና በ168 ትምህርት ቤቶች፣ ከ11 ሺህ በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት፣ በ2015 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናትም ተመሳሳይ ቁም ነገር አለው። ጥናቱ የፈተነው ሦስት መንገዶችን ነው፤ መምህራን አደጋ ላይ ያለ ተማሪን እንዲለዩ ማሠልጠን፣ ተማሪዎችን በመጠይቅ እየለዩ ወደ ባለሙያ መላክ፣ እንዲሁም ተማሪዎቹ ራሳቸው ስለ ጭንቀት፣ ስለ ድብርትና ስለ ችግር አፈታት እየተወያዩና ሁኔታዎቹን በጨዋታ መልክ እየተወኑ እንዲማሩ ማድረግ። ከዓመት በኋላ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት ያመጣው ሦስተኛው ብቻ ነበር፤ በዚህ መንገድ በተማሩት ዘንድ ራስን የማጥፋት ሙከራ ከንጽጽር ቡድኑ በግማሽ ያህል ቀንሶ ታየ። ጥናቱ ባይኖር ኖሮ አንድ ትምህርት ሚኒስቴር ያለውን ጥቂት ገንዘብ ለመምህራን ሥልጠና ብቻ ቢያውል ማን ይቃወመው ነበር?

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ የስሪላንካ ተሞክሮ ነው። በዚያች በግብርና በምትኖር አገር ተመራማሪዎችና ሐኪሞች የሆስፒታል መዛግብትን መርምረው፣ ለአብዛኛው ሞት መንሥኤ የሆኑት ጥቂት እጅግ መርዛማ የግብርና ኬሚካሎች መሆናቸውን ለዩ፤ መንግሥትም በየተራ ከገበያ አስወጣቸው። ራስን የማጥፋት መጠን ከ1995 በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት በ70 በመቶ ያህል ሲቀንስ፣ 93 ሺህ ያህል ሕይወት እንደተረፈና የመንግሥት ቀጥተኛ ወጪም ከ50 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደሆነ ተገምቷል። ይህ ሁሉ የሆነው የሚመረመር መዝገብ ስለነበረ ነው።

በኢትዮጵያ የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በገጠር ብዙው ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው፤ ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት ይከለከላል ከሚለው ሥጋትና ከሐሜት ፍርሃት የተነሣም ቤተሰብ ምክንያቱን ይሸፍናል። ሐዘንተኛን ቤተሰብ ልወቅስ አይደለም። ይሁንና ችግሩን በጥንቃቄ ማጥናት እንደሚቻል የራሳችን ባለሙያዎች አሳይተዋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ሥፍራዎች ቀብርን እየመዘገቡና ቤተሰብን እየጠየቁ የሞትን ምክንያት ሲያጠኑ ቆይተዋል፤ በቡታጅራም ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ከተጠየቁ በኋላ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ለዓመታት በክትትል ተጠንተዋል።

የእነዚህን መሰል ሥራዎች ወጪ በአብዛኛው የሸፈነው የውጭ ገንዘብ ነው። በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ያወረደው የአምስት አገሮች ፕሮጀክት በእንግሊዝ መንግሥት የተደገፈ ነበር፤ ያው መንግሥት በ2021 የውጭ ዕርዳታውን ከብሔራዊ ገቢው 0.7 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ዝቅ አድርጓል። ገንዘብ ሲቋረጥ የሚጠፋው ዕውቀት በቀላሉ አይመለስም። በአሜሪካ ምክር ቤቱ በ1996 በጦር መሣሪያ ጥቃት ላይ የሚደረገውን የጤና ጥናት የሚያዳክም ድንጋጌ በበጀት ሕጉ ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ ለዚሁ ጥናት 25 ሚሊዮን ዶላር እስኪመደብ እስከ 2020 በጀት ዓመት ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል፤ በመካከሉ ብዙ ተመራማሪዎች መስኩን ትተዋል።

መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ ስለ ጥናት ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። የመድኃኒቱን እጥረት ለመካድ አልፈልግም፤ ነገር ግን መንግሥታት ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚመድቡት በአማካይ 2 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ያቺኑ ጥቂት ገንዘብ በማይሠራ ነገር ላይ ማዋል የበለጠ ጉዳት ነው። ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል የሚለው ፍርሃትም ቢሆን በተደጋጋሚ ጥናቶች አልተደገፈም። እንዲያውም ልጁ ሞትን ሲመኝ የሰማ ወላጅ በግልጽ ሊጠይቀው፣ ብቻውን ሊተወው የማይገባ፣ ሳይዘገይም ወደ ሕክምና ሊወስደው የሚገባ ነው።

በትግራይ፣ በአማራና በኦሮሚያ በጦርነትና በግጭት መካከል ያደጉ ወጣቶች ምን ዓይነት ድጋፍ ከሞትና ከበቀል እንደሚያርቃቸው የሌላ አገር ጥናት ሙሉ መልስ ሊሰጠን አይችልም። ስለዚህ ሐምሌ 1 ቀን ለሚጀምረው የበጀት ዓመት ጤና ሚኒስቴርና ትምህርት ሚኒስቴር በጋራ የሚያስተዳድሩት፣ ቢያንስ ለአሥር ዓመት የሚዘልቅ የጥናት በጀት ሊያቀርቡ ይገባል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በጀቱን ሲያጸድቅ፣ በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው የሚካሄዱት የምክር መርሐ ግብሮች ውጤታቸው በምን እንደተለካ ሚኒስትሮቹን በስም ጠርቶ ሊጠይቅ ይገባል።