መናፍስትና ሁለት ቢት

እ.ኤ.አ. 2018 ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። በረንዳዬ ላይ የዘረጋኋት ሽቦ የልብስ ማስጫ ትመስላለች። እንድትመስልም ፈልጌ ነው፤ የምኖርበት ሕንፃ አንቴና አይፈቅድም። ከኮምፒውተሬ ጋር ያያያዝኳት የአማተር ሬዲዮዬ 5 ዋት ብቻ ነው የምታወጣው። አንድ ማታ ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ብቅ አለች። የጥሪ ምልክቷ፣ ማለትም ጣቢያዋ የምትታወቅበት ስም፣ በኢቲ ይጀምራል። ኢቲ የኢትዮጵያ ነው። ልቤ ልትወጣ ደረሰች።

መለስኩ። ዝም። ደግሜ መለስኩ። አሁንም ዝም። ኋላ ላይ ነው ከጥሪ ምልክቷ ቀጥሎ ያለችውን የቦታ ኮድ ልብ ያልኩት። አዲስ አበባ ኬጄ99 ናት፣ በቃሌ አውቃታለሁ። ይቺኛዋ ሌላ ናት። ካርታ ላይ ስፈልጋት አንታርክቲካ፣ በረዶው መሀል ተገኘች። የጠራኝ ሰው አልነበረም። ከጫጫታው ውስጥ ኮምፒውተሬ ሰው ፈጥሮልኝ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ የአንድ ወዳጄ ነገር ነው። ሰሞኑን "የሬዲዮ ፕሮግራማችንን አዲስ ስሪት ጫንከው?" ብዬ ስጠይቀው "የሚሠራውን ምን አስነካኝ፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" አለኝ። ተረቱ ደስ ይላል። እዚህ ቦታ ግን አይሠራም።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። አማተር ሬዲዮ ማለት ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ስልክ ኩባንያ፣ በራስ ሬዲዮና አንቴና ከሌላው ዓለም ጋር መገናኘት ነው። ደካማ ሲግናልን ከጫጫታ የሚለቅም ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። የመጀመሪያው መልኩ የወጣው በ2001 ነው። የጀመሩት ጆ ቴይለር ናቸው። በ1974 ከተማሪያቸው ራስል ኸልስ ጋር ጥንድ ሆኖ የሚዞር ፐልሳር (እየዞረ የሬዲዮ ትርታ የሚልክ የሞተ ኮከብ) አግኝተው፣ በ1993 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ሰውዬ። ዕድሜያቸውን ከሰማይ ጫጫታ ውስጥ ትንሽ ትርታ ሲፈልጉ ለኖሩ ሰው፣ ከጡረታ በኋላም ያው ሥራ ነው።

ከፕሮግራሙ የመላላኪያ ስልቶች ሁሉ የገነነው ኤፍቲ8 ነው፤ በ2017 ቴይለርና ስቲቭ ፍራንክ አወጡት። ጣቢያዎች በየ15 ሰከንዱ ተራ ይቀባበላሉ። አንዱ መልእክት 12.64 ሰከንድ ይፈጃል። ሲግናሉ ከጫጫታው ከ100 እጥፍ በላይ ቢደክም እንኳ ፕሮግራሙ ያነበዋል። ጆሮዎ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ብቻ ሲሰማ ስክሪኑ ስም ይጽፋል።

እንዲህ ጫፍ ላይ ሲሠራ መናፍስት፣ ማለትም የሌሉ ጣቢያዎች፣ ይመጣሉ፤ የማይቀር ነገር ነው። ተጨማሪ ለመስማት ከሞከሩ ያልተባለም ይሰማል። ለዚህ ነው በእያንዳንዱ መልእክት ጫፍ የማረጋገጫ ቢቶች (ዜሮ ወይም አንድ የሆኑ የኮምፒውተር ምልክቶች) የሚጨመሩት። በድሮው ኤፍቲ8 12 ነበሩ፤ ተራ ጫጫታ ይህን ፈተና በአጋጣሚ የሚያልፍበት ዕድል ከ4,096 አንድ ነው። ጥሩ ይመስላል። ፕሮግራሙ ግን በየ15 ሰከንዱ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ሌሊቱን ሙሉ። የእኔዋ አንታርክቲካዊት "ኢትዮጵያ" በዚህች ቀዳዳ ነው የገባችው።

ዲሴምበር 10 ቀን 2018 ስሪት 2.0 ወጣ። ማረጋገጫው 14 ቢት ሆነ። ዕድሉ ከ16,384 አንድ። ሁለት ቢት ጨምሮ የመናፍስቱን በር አራት እጥፍ አጠበበ። መልእክቱም ከ75 ወደ 77 ቢት አድጎ ረጃጅምና ወጣ ያሉ የጥሪ ምልክቶችን መያዝ ቻለ። ጣጣው አዲሱና አሮጌው አለመግባባታቸው ነው። አሮጌውን ይዞ የቀረ ሰው አዲሱን አይሰማም፣ አዲሱም እሱን አይሰማም። "እስከ ጃንዋሪ 1 ሁላችሁም ተሻገሩ" ተባለ። በዓል መሀል፣ ሦስት ሳምንት። ያኔ የተነሳው ጩኸት! "ማን ሾማቸው?" ያለም ነበር። እኔም ትንሽ አጉረምርሜያለሁ፣ አልዋሽም።

ዛሬ ሳስበው ግን ልክ ነበሩ። የሙከራ ስሪቶቹ ከወራት በፊት ወጥተዋል። ፕሮግራሙም እንደ ስልክ ካሜራ የግል ዕቃ አይደለም፤ ቋንቋ ነው። አንዱ ሰው በድሮው ቋንቋ ልናገር ሲል፣ ሁላችንም በምንጋራው 14.074 ሜጋኸርዝ ላይ ለሌላው የማይፈታ ጫጫታ ይሆናል። "እኔ አይመለከተኝም" የሚባልበት ቦታ አይደለም።

ከዚህ የባሰ የማይዋጥልኝ ሌላ ነገር አለ። አፕዴትን የሚንቁት አብዛኞቹ ትልቅ ብረት ያላቸው ናቸው። ማማ፣ ማጉያ፣ ሺህ ዋት። እነሱ ምን ቸገራቸው? የፕሮግራሙ ሲግናል መፍቻ በአንድ ዲሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው) ሲሻሻል ለኔ ኃይሌ በ26 በመቶ የጨመረ ያህል ነው። ሦስት ዲሲቤል ሲሆን 5 ዋቴ 10 ሆነች ማለት ነው፣ በነጻ፣ ጎረቤት ሳይቆጣ። መሣሪያ በውድ ለሚገባበት አገር ደግሞ አስቡት። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ፣ ዓለም ሁሉ የሚፈልገው ጥሪ ነው፤ ከአገራችን አየር ላይ የሚወጣ ጥቂት ነውና። በሶፍትዌር የመጣ ዲሲቤል ጉምሩክ አያቆመውም።

ለዚህ ነው ከአዲስ ስልት ይልቅ ጥገናውን የምወደው። በ2020 የወጣውን ስሪት 2.2 ውሰዱ። ድሮ መልእክቱ አልቆ ቀጣዩ ተራ እስኪጀምር ሁለት ሰከንድ ምናምን ነው የሚቀረው። እንደ እኔ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው መልሱን ሳያይ ተራው ያልፈው ነበር። 2.2 ፍቺውን በሦስት ከፈለው፦ 11.8ኛው፣ 13.5ኛውና 14.7ኛው ሰከንድ ላይ። ጎላ ያሉት ጥሪዎች ተራው ሳያልቅ ስክሪን ላይ ናቸው። ማንም አላጨበጨበም። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብ አድርጌ መለስኩ።

ስሪት 2.7 ደግሞ ሱፐርፎክስ የሚባል፣ አንድ ጣቢያ ብዙ ሰው በአንዴ የሚያናግርበት ዘዴ አመጣ። ሩቅ ደሴት የወረደ ጣቢያ "ቀበሮ"፣ እኛ ጠሪዎቹ "ውሾች" ነን። በድሮው መንገድ ቀበሮው አምስት ሲግናል አንድ ላይ ሲልክ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከከፍተኛ ኃይሉ 25ኛው እጅ ነበር። አሁን በአንድ ወጥ ሲግናል እስከ ዘጠኝ ሰው ድረስ ያናግራል። በኦገስት 2024 ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ካለው ከጃርቪስ ደሴት የተላለፈው በዚሁ ነው። ዲጂታል ፊርማም አለው፤ በደሴቱ ስም የሚነግድ አስመሳይ ስለማይጠፋ። መንፈስን በሒሳብ፣ ሌባን በፊርማ።

ወዳጄ አንድ ነገር ላይ እውነት አለው። አፕዴት ያደረግህ ዕለት የሆነ ነገር ይበላሻል። 2.0ን የጫንኩ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አላነበበልኝም። ፕሮግራሙን ረገምኩ፣ ገመድ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ለካ የኮምፒውተሬ ሰዓት በአራት ሰከንድ ዘግይቷል። ኤፍቲ8 ደግሞ ሰዓት ካልተስተካከለ አያውቅህም። (በነገራችን ላይ እኛ አማተሮች የምንመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ "ማታ ሁለት ሰዓት ደውል" ስትለኝ እጄ 17:00 ብሎ ይጽፋል። በሐበሻ ሰዓት ላይ ሦስት መጨመር ነው፤ ማታ ከሆነ አሥራ አምስት።)

ወዳጄ ባለፈው ቅዳሜ ጫነው። ደውሎ "ምንም አያነብም" አለኝ። "ሰዓትህን እይ" አልኩት።

እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት በኢቲ የምትጀምር መስመር አየሁ። ቀጥላ ኬጄ99 ትላለች። ግማሽ አሜሪካ እየጠራት ነው። አርባ ደቂቃ በ5 ዋቴ ለፋሁ፣ አልሰማችኝም። ግን ካርታውን መክፈት አላስፈለገኝም።