ማጉላቱን ለአንባቢው ተዉለት

ዘወትር የምከፍተው አንድ የዜናና የካርታ ድረ ገጽ ሰሞኑን ታድሷል። ከዚያ ወዲህ ጽሑፉን በሁለት ጣት ላጉላው ብል ንቅንቅ አይልም። ካርታውስ ይሰፋል፤ የመንገዶቹ ስም ግን እንደ ጉንዳን ደቅቆ ይቀራል። አንባቢ ቅሬታ ሲያቀርብ የተሰጠው መልስ ደግሞ ይባስ አናደደኝ። ሰው የሚያጎላው ዲዛይኑ መጥፎ ሲሆን ነው፤ የእኛ ተስተካክሏል፤ ስለዚህ አያስፈልግም አሉ።

የተስተካከለው ለማን ዓይን ነው? ሰው አርባዎቹን ሲጀምር የዓይኑ ሌንስ እየጠጠረ ይሄዳል፤ ቅርቡን ማንበብ ይከብደዋል። ይህ ዕድሜ ከሰጠው ማንም ሰው የማያመልጠው ነገር ነው። መነጽሩን የረሳም አለ። ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያነብም አለ። ቢሮው ውስጥ ሰፊ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ዲዛይነር ይህን ሁሉ ከየት ያውቀዋል? ፊደሉ መድቀቁን የሚያውቀው ስልኩን የያዘው ሰው ብቻ ነው።

ክልከላው በገጹ ኮድ ውስጥ ያለች አንዲት አጭር ትእዛዝ ናት። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 የአይፎን ሥርዓቱን አይኦኤስ 10ን ሲያወጣ፣ ድረ ገጽ መክፈቻው ሳፋሪ ይህችን ትእዛዝ ችላ እንዲላት አደረገ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው የጉግል ድረ ገጽ መክፈቻ ክሮም ግን ሴቲንግ ገብተው ካላስገደዱት በቀር ዛሬም ያከብራታል። ስንት ሰው ነው ሴቲንግ ገብቶ የሚያስገድደው?

ሁለተኛው ሰበባቸው ገጹ ሲጎላ ይበታተናል የሚል ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የሚበታተነው ማጉላትን ምስል መለጠጥ አድርገው ስለሠሩት ነው! የተለጠጠ ጽሑፍ አንብቡ እስቲ። መስመሩ ከስክሪኑ ወጥቶ ይሄዳል። በጣት ወደ ግራ ጎትተው ጫፉን ያነባሉ። መልሰው ወደ ቀኝ ይጎትታሉ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ የትኛው ላይ እንደነበሩ ይጠፋዎታል። ጽሑፍ ሲጎላ መስመሩ እንደገና ታጥፎ በስክሪኑ ስፋት ልክ መደርደር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.1 እትም የሚለውም ይህንኑ ነው። 1280 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ስፋት ያለው ገጽ 400 በመቶ ሲጎላ አንባቢው ወደ ጎን መጎተት የለበትም ይላል።

መመሪያው ካርታን ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደርገዋል፤ ካርታ እንደ መስመር አይታጠፍምና። የካርታ ሥራ ሌላ ነው፤ በየደረጃው ምን እንደሚታይ መምረጥ ነው። በተለመደው አሠራር ዓለም በሙሉ መጀመሪያ 256 በ256 ፒክስል በሆነች አንዲት ካሬ ትገባለች። አንድ ደረጃ በቀረብን ቁጥር እያንዳንዷ ካሬ ለአራት ትከፈላለች፤ አሥረኛው ደረጃ ላይ ካሬዎቹ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ከሩቅ የአገር ስም ይታያል። ቀረብ ሲሉ የከተማ፣ ከዚያ የመንገድ፣ ከዚያ የሕንፃ። የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ኬን ፐርሊንና ዴቪድ ፎክስ «ፓድ» የተባለውን፣ ስክሪንን በማጉላት የሚሠራ የኮምፒውተር ገጽታ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ስክሪን ላይ ያለ ነገር ሲጎላ መጠኑ ብቻ ሳይሆን የሚያሳየው ዝርዝርም እንዲለወጥ አድርገው አሳይተዋል። ከ30 ዓመት በኋላ አዲስ ነገር እንደተጠየቀ ሰው መደናገጥ ምን ይባላል?

ድሮ የመንገድ ስም ከካሬው ምስል ጋር አብሮ የተሳለ ነበር፤ ያኔ ፊደሉን ብቻውን ማጉላት አይቻልም ብንባል ይገባናል። ዛሬ ግን በአብዛኛው ዳታው ይላክና ስሙን የሚጽፈው ስልኩ ራሱ ነው። የፊደሉ መጠን አንዲት ቁጥር ናት። ቁጥሯን አለመቀየር ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሳይታሰብ ይጎላል ለሚሉትስ? ገጹን ወደ ታች ሲያወርዱ መሐል ላይ ያለው ካርታ ጣትን ይይዛል፤ ይህ እውነት ነው፣ ያናድዳልም። መፍትሔው ግን ከታወቀ ቆይቷል። በአንድ ጣት ገጹ ይውረድ፤ ካርታው በሁለት ጣት ብቻ ይንቀሳቀስ። ለዚህ ብሎ ማጉላትን ጨርሶ መከልከል ምን አመጣው?

አሁንም ጊዜ አለ። ያቺን ትእዛዝ ከኮዱ ያውጧት። የካርታውን ስሞች ሰውየው ስልኩ ላይ ከመረጠው የፊደል መጠን ጋር ያገናኙ። ቀጣዩን እድሳት ከመልቀቃቸው በፊት ደግሞ ዕድሜው ከአምሳ ያለፈ ሰው ያለ መነጽር ይሞክርላቸው።