እርማት፦ የኢራን አይሁዶች «በአዋጅ ተባረሩ» ስለሚባለው

«እ.ኤ.አ. ከ1979ኙ እስላማዊ አብዮት በኋላ ኢራን አይሁዶቿን በአዋጅ አባረረች፤ ዛሬ አንድም የለም» ብለሃል። ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ይለዋል፤ ግን ልክ አይደለም።

እንዲህ ያለ አዋጅ አልወጣም። እንዲያውም የአብዮቱ መሪ ኮሜኒ የአይሁድ ተወካዮችን አግኝቶ «አይሁድነት ሌላ፣ ጽዮናዊነት (የእስራኤልን መንግሥት የሚደግፈው የፖለቲካ ንቅናቄ) ሌላ» የሚል መልስ ሰጥቷቸዋል። በፓርላማው ዛሬም ለአይሁዶች የተያዘች አንድ ወንበር አለች። በሺዎች የሚቆጠሩም እዚያው ይኖራሉ።

ታዲያ ከአብዮቱ በፊት 80 ሺህ ገደማ ከነበሩት አብዛኞቹ ለምን ወጡ? ሐቢብ ኤልጋኒያንን አስብ። የማኅበረሰቡ መሪ፣ የፕላስቲክ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ቴህራን መሃል የነበረውን ባለ 17 ፎቅ የፕላስኮ ሕንፃ ያሠራው እሱ ነው (እ.ኤ.አ. በ2017 በእሳት የፈረሰውን)። እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1979 ከአጭር ችሎት በኋላ ተረሸነ። ከክሶቹ አንዱ ከእስራኤል ጋር መገናኘት ነበር። በቃ፣ ሌላው ሻንጣውን ማየት ጀመረ።

መውጣቱም ቀላል አልነበረም። በ1980ዎቹ መላው ቤተሰብ ባንዴ ፓስፖርት ማግኘት ጭንቅ ነበር። አባት ከሄደ እናትና ልጆች እንደ መያዣ ይቀራሉ። ስለዚህ ብዙዎች ቤትና ሱቃቸውን እንዳለ ጥለው ለደላላ ከፈሉ፤ በሌሊት በረሃውን አቋርጠው ፓኪስታን፣ ወይም በተራራው በኩል ቱርክ ገቡ።