«ያው ነው» አትበሉን!

አምባሰልንና ባቲን ያህል ቅኝት በወጣበት አገር፣ ደህና ባለ 12 ክር ጊታር በአቅም ማግኘት እንዲህ ያንገብግብ? ደሴ የገባሁበት ሱቅ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ባለ 6ቱን ውሰድ፣ ያው ነው።» ያው አይደለም! የባለ 12ቱ ክሮች ጥንድ ጥንድ ናቸው። በአራቱ ወፋፍራም ጥንዶች ሁለቱ ክሮች በኦክታቭ ይለያያሉ፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ አንዱ በወፍራሙ ሌላው በቀጭኑ ያወጣል፤ የሁለቱ ቀጫጭን ጥንዶች ክሮች ግን እኩል ይቃኛሉ። ትዝታ ሲመታበት ያ ድርብ ድምፅ ከባለ 6ቱ ከየት ይመጣል?

ሲገኝ ደግሞ ርካሹ ጉድ ነው። አንዱን አንስቼ አየሁት። ብሪጁ (ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት) ከሆዱ ተላቆ ወረቀት ያስገባል። አንገቱ ጎብጧል፤ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ጋ ክሩ ከአንገቱ ከመራቁ የተነሳ መጫኑ ጣት ያቆስላል። የ12 ክር ጉተታ ቀላል አይደለም እኮ! ብዙዎች አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው የሚቃኙት ለዚህ ነው። ይህን ለሻጩ ብነግረው «አንተ ደግሞ አበዛኸው» አለኝ። ገንዘቤን የማወጣው እኔ ነኝ፣ ለምን አላበዛም?

ክሩስ? ቶሎ የምትበጠሰው ከሶል ድምፅ ጥንድ ያቺ ቀጭኗ የኦክታቭ ክር ናት። ለብቻዋ ስጡኝ ስል «ሙሉውን ካልገዛህ የለም» ይሉኛል። ለአንዲት ክር 12 ልግዛ? ኧረ በሕግ!