ተዝካር የምታውቅ ቨርጂኒያ

ሰፈር ማፍረስ ማንም ይችላል። ዶዘርና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ያለው ሁሉ ያፈርሳል። አፍርሶ ሲያበቃ የሟቹን ተዝካር በወግ በማዕረግ ማውጣት ግን ሙያ ይጠይቃል። በዚህ ሙያ የአሜሪካዋን የቨርጂኒያ ግዛት የሚያህል አላየሁም። ከ1927 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ) በየአውራ ጎዳናው ዳር የታሪክ ሰሌዳ ስትተክል ኖራ፣ ዛሬ ቁጥሩን ከ2 ሺህ 500 በላይ አድርሳዋለች። ቀድሞ ሰሌዳውን የሚያጣብቡት ጄኔራሎችና የጦር ሜዳዎች ነበሩ። ኋላ ላይ የፈረሱ ሰፈሮችም ተራ ደረሳቸው፤ ሰሌዳ ሠሪውም ሥራ አልፈታም።

የጥበቡን ጥግ ማየት የሚሻ ሰው አሌክሳንድሪያ ከተማ ወደሚገኘው ፎርት ዋርድ ፓርክ ይሂድ። ምሽጉን በ1861፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ የሠራው የሰሜኑ ጦር ነው፤ ዋሽንግተንን ከደቡቦች ለመከላከል። ጦርነቱ ሲያበቃ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች በምሽጉ ዙሪያ መሬት ገዙ፣ ቤት ሠሩ፣ ልጆቻቸውን አስተማሩ፣ ሙታናቸውን እዚያው ቀበሩ። እንዲህ ሲኖሩ የጦርነቱ 100ኛ ዓመት መታሰቢያ ደረሰ። ከተማዋ ምሽጉ ታድሶ ፓርክ እንዲሆን ወሰነች፤ ለፓርክ ደግሞ ነዋሪ አያስፈልግም። መሬቱ ግማሹ በግዢ፣ ግማሹ በሕግ አስገዳጅነት ተወሰደ። በ1964 ፓርኩና ሙዚየሙ ተመረቁ። ልብ በሉልኝ፣ ባርነትን የጣለውን ጦርነት ለመዘከር ሲባል ከባርነት የወጡት ሰዎች ልጆች ቤታቸውን ለቀቁ! ይህን ያህል ታሪክ ወዳድ ከተማ የት ይገኛል?

ዛሬ ቦታው ያምራል። እንደገና በተሠራው የምሽጉ በር አልፈው ሲገቡ መድፎቹ ተወልውለው ቆመዋል፣ ሣሩ ታጭዷል። ነዋሪዎቹም ቢሆኑ አልተረሱም፤ እዚህ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር የሚናገር ሰሌዳ ቆሞላቸዋል። መቃብሮቹ የት የት እንደነበሩ ደግሞ አርኪዮሎጂስቶች መሬቱን እየቆፈሩ ሲፈልጉ ቆይተዋል። የአያቶቻቸውን መቃብር አሳምረው የሚያውቁት ሰዎች ያኔ እዚያው ነበሩ፤ ግን አማተሮች ናቸው፣ ሙያው የላቸውም።

እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላም አለ። በ1864 የተከፈተው፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች መቃብር ወደ 1 ሺህ 800 ሰው ያረፈበት ነው። በ1955 የነዳጅ ማደያ ተሠራበት። በ2014 ደግሞ ማደያው ተነሥቶ የሚያምር መታሰቢያ ተመረቀበት። በመካከሉ ስንት መኪና ነዳጅ ሞልቶ እንዳለፈ ሰሌዳው አይናገርም።

ጎረቤቷ አርሊንግተን ግን ከሁሉም ትበልጣለች፤ አንዱን ሕዝብ ሁለት ጊዜ አፍርሳ ሁለት ጊዜ ዘክራዋለችና። በ1863 በደቡቦቹ ጄኔራል በሮበርት ሊ ቤተሰብ ርስት ላይ፣ ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች ፍሪድማንስ ቪሌጅ የተባለ መንደር ተመሠረተ። መንደሩን በ1900 የፌዴራሉ መንግሥት ዘጋው። ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ብዙም ሳይርቁ ክዊን ሲቲ በተባለ ሰፈር ተጠጉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሱቅም አቆሙ። በ1942 የመከላከያው ዋና መሥሪያ ቤት ፔንታጎን ሲሠራ የሕንፃው መንገዶች መውጫ መግቢያ አስፈለጋቸው፤ ክዊን ሲቲ ጠፋች። ሕዝቡ ተጎታች ቤት ውስጥ እንዲያድር ተደረገ።

አሁን ተዝካሩን እንመልከት። ለፍሪድማንስ ቪሌጅ በ2015 ስሙን የያዘ የመኪና ድልድይ ተሰጠው። ጎረቤቱን ክዊን ሲቲን መንገድ የበላበት መንደር በመንገድ ሲዘከር፣ ይህ ብልሃት ካልሆነ ምን ይባላል? ለክዊን ሲቲ ደግሞ በ2023 ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝም የጡብ ግንብ ቆመላት። ወደ ውስጥ ገብተው ቀና ሲሉ ከሸክላ የተሠሩ 903 የእንባ ጠብታዎች ግድግዳውን ሞልተውት ያያሉ። ሥራው ልብ ይነካል፣ ነገሬ ከሠዓሊዋ ጋር አይደለም። አድናቆቴ ለሒሳቡ ነው፦ ቤቱን ያጣ ሰው ሁሉ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል አንድ አንድ ጠብታ ደርሶታል። እንዲህ ያለ ፍትሐዊ ክፍፍል በ1942 በካሳው ላይ ቢታይ ኖሮ ግንቡም ባላስፈለገ። ግንቡ የቆመውም በአማዞን ኩባንያ ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤት ፓርክ ውስጥ ነው፤ የሰፈሩን ኪራይ ወዴት እንደሚወስደው ነዋሪው ሲጨነቅበት በኖረው።

ቨርጂኒያ በዘር ታዳላለች የሚል ካለ ወደ ተራራው ይውጣ። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን ለማቋቋም በ1928 ልዩ የመሬት መውሰጃ ሕግ ወጣ፤ ከ500 የሚበልጡ ቤተሰቦች፣ በአብዛኛው ነጭ ገበሬዎች፣ ከሸለቋቸው ተነሡ። ለእነርሱስ? በየአውራጃው የድንጋይ ጭስ መውጫ ቆሞላቸዋል፣ የቤተሰቦቹ ስም ተጽፎበት፣ ከአሮጌዎቹ ቤቶች በተለቀመ ድንጋይ። ጎጆው ባይኖርም ጭስ መውጫው አለ።

የሻርለትስቪል ከተማን የጥቁሮች ሰፈር ቪኒጋር ሂልንም ሳላነሳ አላልፍም። በ1960 ከተማው ይፍረስ አይፍረስ ብሎ ሕዝብ አስመረጠ፤ የምርጫ ግብር ያልከፈለ ድምፅ አይሰጥም ነበርና የሰፈሩ ጥቁሮች ብዙዎቹ ከዳር ቆመው ዕጣቸውን ሲጠብቁ ይፍረስ የሚለው በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ሰፈሩ በ1964 እና በ1965 ተደመሰሰ፤ ቦታውም ለዓመታት ባዶውን ተቀመጠ። ምናልባት ለሰሌዳው ስፋት እንዲበቃ ይሆናል። ከተማዋ በ2011 ይቅርታ ጠይቃለች። ጃክሰን ዋርድ የተባለው የሪችመንድ ከተማ የጥቁሮች ሰፈርም በ1958 አውራ ጎዳና ለሁለት ከሰነጠቀው በኋላ በ1978 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ፤ የተረፈው ማለት ነው።

ወጪውን ማን ይችለዋል? የግዛቲቱን የመንገድ ዳር ሰሌዳ ያየን እንደሆነ፣ ግዛቲቱ ጽሑፉን መርምራ ታጸድቃለች፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰሌዳው እንዲተከል የጠየቀው ወገን ነው። የተነሡት ሰዎች ልጆች ማመልከቻ ካስገቡ ተዝካሩን የሚደግሱት ራሳቸው ናቸው ማለት ነው። ደግነቱ ለመብላት ሁሉም ይጠራል፤ ባለሥልጣናቱም ሪባን ሊቆርጡ ከነመቀሳቸው ይመጣሉ።

ይህ ሁሉ እኛን ምን ያገባናል የሚል ሐበሻ በኮሎምቢያ ፓይክ ሲነዳ ያንን ድልድይ ቀና ብሎ ይይ። አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ እንጀራ መሸጫችንን፣ ቡና ቤታችንን፣ ፀጉር ቤታችንን ከፍተን ከኖርን ቆየን፤ ኪራዩም በየዓመቱ ያስታውሰናል። ስለዚህ የሰሌዳችንን ጽሑፍ ከአሁኑ ብናዘጋጅ መልካም ነው፤ ስማችንን ፊደሉን አስተካክሎ የሚጽፍ ከእኛ በቀር የለም። የሸክላ እንባውም ቁጥር አስቀድሞ ይመዝገብልን፤ በአንድ አፓርታማ ሦስት ቤተሰብ ተዳብለን ስለምንኖር ቆጣሪው በር ብቻ ቆጥሮ እንዳይሄድ።