ኦሪጅናሉን ሳያዩ ያመኑ ብፁዓን ናቸው

ዛሬ እስቲ ላመስግን። የማመሰግናቸው እነዚያን ሪሜክ ፊልም (የነበረ ፊልም እንደገና ሲሰራ ማለት ነው) በወጣ ቁጥር ገና የሲኒማ ቤቱ መብራት ሳይጠፋ "ኦሪጅናሉ ይሻላል" ብለው የሚገላግሉንን ክሪቲኮችና ተከታዮቻቸውን ነው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ እነሱ ባይኖሩ እኮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን አይተን በገዛ ጭንቅላታችን ልንፈርድ ነበር።

ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ሉክ ቤሶን በፈረንጆቹ 1990 "ኒኪታ"ን ሰራ። ፖሊስ ገድላ የተፈረደባት ሱሰኛ ልጅ ናት፣ መንግስት ሞታለች ብሎ ያስወራና ነፍሰ ገዳይ አድርጎ ያሰለጥናታል። በ1993 ሆሊውድ "ፖይንት ኦፍ ኖ ሪተርን" ብሎ ደገመው፣ ዳይሬክተሩ ጆን ባድሃም፣ በኦሪጅናሏ ተዋናይት በአን ፓሪዮ ቦታ ብሪጅት ፎንዳ። ለምን ደገሙት ካላችሁ አሜሪካዊ ሰብታይትል ማንበብ አይወድም ስለሚባል ነው፣ በቃ።

ክሪቲኩ ምን አለ? ቅጂ ነው፣ ምንም አልጨመረም አለ። አይካድም። ያቺን የሬስቶራንት ሲን ያያት አይረሳትም መቼም፦ ልጅቷ ከስንት ጊዜ በኋላ አምሮባት ራት ተጋብዛ ትወጣለች፣ ስጦታ ይሰጣታል፣ እንደ ህፃን ፈንድቃ ሳጥኑን ስትከፍተው ሽጉጥ፣ ከኋላሽ ያለውን ሰውዬ ግደይና በሽንት ቤቱ መስኮት ውጪ ትባላለች፣ ገድላ እየሮጠች ስትደርስ መስኮቱ በጡብ ተደፍኗል። ቤሶን ይቺን የቀረፃት ፓሪስ ጋር ደ ሊዮን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለው ለ ትራን ብሉ የሚባል ጣሪያው ሁሉ ስዕል የሆነ ምግብ ቤት ነው፣ ባድሃም ምግብ ቤቱን ቀይሮ ሽጉጡንም ጡቡንም ሳያጎድል አመጣቸው። "ታድያ ምን አዲስ ነገር አለው?" ተባለ። ጥሩ። የቀየረው ቦታስ? ቤሶን ፍቅረኛሞቹን ቬኒስ ነበር የሰደዳቸው፣ ልጅቷ ሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጠመንጃ አነጣጥራ ልጁ በሩ ውጪ ቆሞ ስለ ፍቅር ያወራላታል፣ ባድሃም ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ማርዲ ግራ ለሚባለው ካርኒቫል ወሰዳቸው (ቬኒስ ጭራሽ እንዳትቀርብን ብሎ መሰለኝ ልጅቷን ሎስ አንጀለስ ያለችው ቬኒስ ቢች ላይ ቤት አከራያት)። ይሄኔ ደግሞ "ምን አስቀየረው?" ሆነ። ሲገለብጥ ሌባ፣ ሲቀይር ደፋር። እንዲህ በየት በኩል ብትሮጥ የማታመልጥበት ፍርድ መስራት ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ የዛን ሽንት ቤት መስኮት በጡብ የደፈነው ሰውዬ ራሱ ክሪቲክ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የምወድላቸው ግን የማስታወስ ችሎታቸውን ነው። ኦሪጅናሉ በወጣበት ሰሞን እኮ ፈረንሳይ ውስጥ ስንቱ ሀያሲ ቤሶንን ላዩ የሚያብለጨልጭ ውስጡ ባዶ እያለ ሲወቅሰው ነበር፣ ለሱና ለመሰሎቹ "ሲኒማ ዱ ሉክ" (የመልክ ሲኒማ እንደማለት) የሚል ስም ሁሉ ወጥቶላቸዋል፣ መልክ እንጂ ቁም ነገር የላቸውም ለማለት። ያ ባዶ የተባለ ፊልም አሜሪካኖቹ ሲነኩት ጊዜ በአንድ ሌሊት ጥልቅ፣ ረቂቅ፣ የአውሮፓ ጥበብ ሆኖ አደረ። እኛ ጋ ሰው የሚመሰገነው ሲሞት ነው፣ ለካ ፊልም ደግሞ የሚመሰገነው ሪሜኩ ሲወለድ ነው።

(ለነገሩ እኔም ኦሪጅናሉ ይሻላል ባይ ነኝ። በሪሜኩ ሬሳ አጥፊው ቪክቶር ሆኖ ሃርቪ ካይቴል መጥፎ አይደለም፣ የኦሪጅናሉ ዣን ሬኖ ግን ያንን አሲዱን ይዞ ሲገባ ሌላ ነው። ግን እኔ ሁለቱንም አይቼ ስለሆነ አስተያየቴ ብዙም ክብደት የለውም።)

ባለፈው አንዱ ወዳጄ ካፌ ቁጭ ብለን ይሄንኑ ሲተነትንልኝ ዋለ። "የፈረንሳዩ ነፍስ አለው፣ ያ የኒና ሲሞን ዘፈን ብቻ ይበቃል፣ ልጅቷ ብቻዋን ስትሆን የምትከፍተው፣ አሜሪካኖቹ እንዲህ አይነት ነገር የት ያውቁና!" አለኝ። ኒና ሲሞን ያለችው እኮ አሜሪካኖቹ ፊልም ላይ ነው አልኩት፣ የልጅቷ የሚስጥር ስም ራሱ ኒና ነው፣ የፈረንሳዩን ሙዚቃ የሰራው ኤሪክ ሴራ ነው።

ትንሽ ዝም አለ። ማኪያቶውን አማሰለ፣ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"በቃ ፈረንሳዮቹ ቆርጠው አውጥተውታል ማለት ነው" አለኝ፣ "ምን አይነት ጥበበኞች ናቸው በናትህ!"