እርማት፦ ደመናም ያቃጥላል

«የደሴት ሪዞርት ላይ ደመና ከሆነ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) አያስፈልግም፤ ውሃ ውስጥማ ጭራሽ አትቃጠሉም» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ይቺ ትታረም። ስስ ደመና እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ማለትም ቆዳ የሚያቃጥለውን የፀሐይ ጨረር፣ ያሳልፋል። ሙቀት የሚሰማን ደግሞ ከሌላ ጨረር ነው። አየሩ ቀዘቀዘ ማለት ቆዳ ተረፈ ማለት አይደለም።

ውሃውማ ይባስ! ግማሽ ሜትር ጠልቀህ እንኳ ከላይ ካለው ጨረር 40 በመቶው ያገኝሃል። በስኖርክል (ፊት ውሃ ውስጥ ሆኖ በሚተነፈስበት ቱቦ) ዓሣ ሲያይ የዋለ ሰው ፊቱ ውሃ ውስጥ፣ ጀርባው ለፀሐይ የተሰጣ ነው። ቅዝቃዜው ስለሚያታልለው አይሰማውም። ማታ ሸሚዝ ሲለብስ ነው ጉዱ የሚፈላው፤ ጀርባው ቲማቲም መስሎ።

ሰንስክሪን በየ2 ሰዓቱ፣ ከውሃ ሲወጣም እንደገና ይቀባል። እኔ ግን ለስኖርክል እጅጌ ረጅም የዋና ልብስ ይሻላል ባይ ነኝ። እሱ በውሃ አይለቅም።